አርባ ሁለት ሜትር

ከባሕር ጠለል በላይ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር፣
ፒያሳ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ሊፍቱ ዛሬም ቆሟል።
በደረጃ እየወጣሁ ባሕር ውስጥ እገባለሁ።
ጫማዬ አቧራ ለብሷል፤ ካልሲዬ አይርስም።

መርከቡ ሩቅ ነው፣ ውኃው በሚሞቅበት አገር፣
የብሱ ውኃ ሥር ገብቶም ገና ባላለቀበት።
ካሜራ በገመድ ያወርዳሉ፣ ወለል ለወለል ይጎትቱታል፣
በየአምስት ሰከንዱ አንድ ፎቶ።
እኔ ስም አወጣለሁ።
አሸዋ። አሸዋ። ጠጠር። አሸዋ።
የዓሣ ጅራት፤ ዓሣው ከፎቶው ወጥቷል።
አሸዋ።
በፎቶ አንድ ብር ከሃምሳ፤ ከተሳሳትሁ ይቆረጣል።

ስም ግን ከየት ይምጣ?
ቋንቋዬ ደገኛ ነው፤ ለባሕር ብዙ አላስቀመጠም።
ባሕር ዛፍ አለን፤ ይማገራል እንጂ ማዕበል አያውቅም፤
ባሕረ ሐሳብ አለን፤ ጾም ያወጣል እንጂ ጨው የለውም፤
ባሕር መዝገብ አለን፤ ቢያገላብጡት ዓሣ አይወጣበትም።
"ስፖንጅ" ይላል ዝርዝሩ።
ስፖንጅ እኛ ቤት ድስት ይፈገፍጋል፤
ይኼኛው ግን ቆሞ ይተነፍሳል፣
እንደ ብርሌ አንገቱን አስግጎ ውኃ ያጣራል።
ምንትዋብ ከጎኔ ሌላ ፎቶ ከፍታ
"ይኼማ ቋሊማ ነው" አለች፤ ጻፈችውም፤
ተቆጣጣሪው በሳምንቱ በቀይ መለሰላት፦
የባሕር ኪያር።
ኪያር! አትክልት ተራ እንኳን እንዲህ አይቀልድም።

አምዱ "መኖሪያ" ይላል። እኔ በልቤ "ሰፈር" እለዋለሁ።
መኖሪያ ለብቻም ይሆናል፤ ሰፈር አይሆንም።
ስፖንጁ ሥር ሸርጣን፣
ሸርጣኑ ጀርባ ላይ ስሙን የማላውቀው ደቃቅ ነገር፣
ኪራይ የማይከፍል፣ ሳያንኳኳ የሚገባ፤
አጠገባቸው ሞቶ የነጣ ኮራል፤
የሞተውም ቤት ነው፣ ሦስት ዓሣ ተጠግቶበታል።

ከመስኮቴ ሥር ዶሮ ማነቂያ ነበር።
አሁን ሣር ነው፤ በሰዓቱ የሚጠጣ፣
ማታ ማታ አረንጓዴ መብራት የሚበራለት።
ካሜራ ቢያወርዱበት ምን ብዬ እሞላው ነበር?
"ለስላሳ ወለል። ሕይወት፦ ጥቂት።"
እትዬ የሺመቤት ከከተማው ጫፍ ዘጠነኛ ፎቅ ወጥታለች፤
ጋሽ ሉልሰገድ ሲንጀሩን በጋሪ ጭኖ ሲሄድ
ሜትሩ አንገቱ ላይ ነበር፤
ማንን ሊለካበት እንደሆነ እንጃ።
ካርታማ ነበረው፤ ክፍለ ከተማው ያውቃል፣
የቤት ቁጥር ያለው፣ ካሬ ያለው።
ማን ከማን ቤት እሳት ይጭር እንደነበር፣
የማን ልጅ በማን እጅ ይገረፍ እንደነበር፣
የእድሩ ድንኳን በማን ጣሪያ ሥር እንደሚያድር፣
ለዚህ አምድ የለውም።

ከካሜራው በፊት መርከቡ ይጮኻል።
ጩኸቱ ወርዶ፣ ወለል ነክቶ ይመለሳል፣
በዘገየው ልክ ጥልቀቱ ይጻፋል።
ዐለት አጥርቶ ይመልሳል፤ ጭቃ ያድበሰብሳል፤
ግን ይመልሳል።
እኔ የተወለድሁት እሪ በከንቱ ነው።
ያንን ሰፈር የሰየመው ሰው
ጮኾ ጮኾ፣ ቆጥሮ ቆጥሮ ደክሞት ይሆናል፤
ወይም ትንሽ ቀድሞ ጆሮውን አነሣ።

ዛሬ፣ ፎቶ ሦስት ሺህ ዘጠና፣ አርባ ሁለት ሜትር፣
በአሸዋው መሃል አንድ ነገር፣
ጨርቅ አይሉት ቅጠል፣ ወደ ላይ የተዘረጋ።
ከዝርዝሩ የለም። "ያልታወቀ" ልበል ስል
መብራት ሄደ።
ኔትወርኩም አብሮት፤ ባሕሩ ግማሹ ላይ ቆመ።
ምንትዋብ "ተመስገን" ብላ ዓይኗን አሸች።
ዩፒኤሱ ብቻ ከጠረጴዛው ሥር
ጢጥ...
ጢጥ...
መስኮቱን ከፈትሁለት።
ድምፁ ወደ ሣሩ ወረደ።
መቁጠር ጀመርሁ።